ጋሽ ላቀው ያላነሡት ፎቶ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማየት ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ታገሡኝ።

አንድ ወጣት ነበረ። ወንጂ ተወልዶ ያደገ፣ ፎቶ ማንሣት የሚወድ ወጣት። የወደደው ሰርግ ቤት ቆሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለትን አይደለም። ሠዓሊ በቀለሙ፣ ባለቅኔ በቃሉ የልቡን እንደሚናገር፣ በፎቶም የልብን መናገር ይቻላል ሲሉ ሰምቶ ነበር። ያንን ልማር ብሎ እናቱን ተሰናብቶ አዲስ አበባ ገባ።

በዚያን ጊዜ ይህን ሙያ ከሚያስተምሩት ሁሉ ስማቸው የገነነ፣ ጋሽ ላቀው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጉለሌ ባለው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰፊ ክፍል አለች፤ የሚያስተምሩት እዚያ ነው። የጋሽ ላቀውን ፎቶ አንድ ጊዜ ያየ ሰው፣ ሌላ ቦታ ቢያገኘው «የሳቸው ነው» ብሎ ይለየዋል። ሁልጊዜ የሰው ፊት ነው። በጣም ቀረብ ተብሎ የተነሣ፣ በአንድ ወገን ከመስኮት ብርሃን የገባበት፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ የቀረ ፊት። በዚያ ፊት ላይ የሰውየው ዕድሜ በሙሉ ይነበባል።

ወጣቱ ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱን ሲያይ ደርቆ ቀረ። «እኔም እንዲህ ማየት አለብኝ» አለ በልቡ።

ልብ በሉ ወገኖቼ። «እኔም ማየት አለብኝ» አይደለም ያለው። «እንዲህ» ነው ያለው። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ የሰው ዕድሜ ሊያልቅ እንደሚችል ታውቃላችሁ?

ተማረ። ትጉህ ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች መምህራቸውን ይከራከራሉ፤ ተቆጥቶ የሚሄድም አለ። እሱ አይከራከርም። ጋሽ ላቀው «ጠጋ በል» ሲሉት ይጠጋል። «ብርሃኑን ከግራ አምጣው» ሲሉት ከግራ ያመጣል። እየቆየ ሲሄድ መነገርም አላስፈለገው፤ መምህሩ ሊናገሩ ያሰቡትን አስቀድሞ ያደርገዋል።

ጋሽ ላቀው ወደዱት። ልጅ አልነበራቸውምና እንደ ልጃቸው አዩት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለም «ዳኜ፣ ምሳ ሳትበላ እንዳትሄድ» ይሉታል። ዳኜ ነው ስሙ። ማዕድ ሲቀርብ ከመምህሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲጎርሱ ያጎርሱታል።

ከዚያ ማንም ያላሰበው መጣ። የጋሽ ላቀው ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው አሉ። ዘግይተዋል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር አሉ። እስቲ አስቡት። ከሰውነታቸው ሁሉ ዓይናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩበት ዓይናቸው።

ለማንም አልተናገሩም። ያወቁት ሚስታቸውና ዳኜ ብቻ ናቸው። ያስጨነቃቸው ደግሞ ቀኑ የተቆረጠ ትልቅ ዐውደ ርዕይ መኖሩ ነው። አዳራሹ ተይዟል፤ ጥሪው ተበትኗል፤ ሰው ሁሉ አዲሱን ሥራቸውን ይጠብቃል። እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን ያነሧቸው ፎቶዎች ታጥበው ሲመጡ የሚበዙት የደበዘዙ ሆኑ። ሲያነሧቸው ጥርት ብለው የታዩአቸው መስሏቸው ነበር።

ዳኜ ይህን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ስንት ዘመን የተከበሩ ሰው በመጨረሻ እንዴት ይዋረዳሉ? ከዚያ ምን አደረገ? ለማንም ሳይነግር፣ ራሱ ካነሣቸው ፎቶዎች ጥቂቶቹን መረጠ፤ በትልቁ አሳጠበ፤ ከመምህሩ ሥራዎች ጋር ቀላቅሎ ሰቀላቸው። ስም አልጻፈባቸውም። ዐውደ ርዕዩ የጋሽ ላቀው ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ የሳቸው ነው።

በፍቅር ነው ያደረገው። ይህን አትርሱ። እናንተስ በፍቅር የተሠራ ጥፋት አይታችሁ አታውቁም?

በመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ከሁሉ ይልቅ ሰው የተሰበሰበበት አንድ ፎቶ ነበር፤ የአንድ አዛውንት ሸማኔ ፊት። አንዲት እንግዳ ከፎቶው ፊት ቆማ እንባዋን ስትጠርግ ቆየችና ጋሽ ላቀውን ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እኚህን ሰው የት ነው ያገኟቸው?»

ጋሽ ላቀው ተጠጉ። ግንባራቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ብዥ ያለ የፊት ቅርጽ አዩ። ከግራ የገባውን ብርሃን አዩ። ጥላውን አዩ። ብዙ ቆዩ።

«የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የት እንዳገኘኋቸው ግን ጠፋኝ ልጄ። እርጅና ነው።»

ሰዎቹ በፍቅር ፈገግ አሉ። ዳኜ ከኋላቸው ቆሟል። መጀመሪያ የተሰማው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ደስታ ነው። እሳቸው እንኳ አልለዩትም። ይህን ያህል ደርሻለሁ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ላቀው አስጠሩት።

«ዳኜ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሸማኔውን መቼ ነው ያነሣሁት?»

ዳኜ ሊቀመጥበት የያዘውን ወንበር ለቀቀው።

«ከትናንት ጀምሮ ሳስብ ነው ያለሁት። ዓይኔ ይድከም እንጂ አእምሮዬ ደህና ነው። ያነሣሁትን ሰው ረስቼ አላውቅም።»

«እኔ ነኝ ያነሣሁት» አለ ዳኜ። «ሽሮ ሜዳ ነው ያገኘኋቸው። ሌሎችም አሉ። ሰው ፊት እንዳይዋረዱብኝ ብዬ ነው ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። አልተቆጡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«የእኔ ነው ብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ፊት ለፊቱ ቆሜ የእኔ ነው ብያለሁ። ዓይኔ ደህና ቢሆንም ኖሮ አልለየውም ነበር። አየህ ዳኜ፣ እኔ አንተን አላስተማርኩህም። ራሴን ነው ያባዛሁት።»

ያን ቀን አዳራሹ ሄዱና እንግዶች ባሉበት እውነቱን ተናገሩ። እነዚያ ፎቶዎች የተማሪዬ ናቸው አሉ። ዓይኔም ደክሟል አሉ፤ አልሸሸጉም። ሰው ያዝናል፣ ያፍራል ስትሉ ጭራሽ አደነቀ። ዳኜን እየመጣ ጨበጠው። አንዱማ «ከእንግዲህ ጋሽ ላቀው አይሞቱም፤ አንተ አለህ» አለው። የዳኜ ደረት ሞላ።

ሲወጡ ጋሽ ላቀው ክንዱን ያዙት።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ እንዳትመጣ» አሉት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አጠገቤ እስካለህ ድረስ የራስህን አታይም። ሂድ።»

«የት ልሂድ?»

«አላውቅም። አውቄ ብነግርህ ያም የእኔ ይሆናል።»

ዳኜ ሄደ። ግን ነገሩ ገብቶት አይደለም የሄደው። ቀኑብኝ ብሎ ነው። ተማሪዬ በለጠኝ ብለው አባረሩኝ ብሎ ነው። ቂሙን ይዞ ወንጂ፣ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ወይዘሮ ብርቄ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ለምን መጣህ አላሉትም። አልጋውን አነጠፉለት።

አንዳንድ ቀን ካሜራውን ይዞ ይወጣል። ወደ ሰው ፊት ይጠጋል፤ ብርሃኑን ከግራ ያመጣል፤ ያነሣል። ያነሣውን ሲያየው ጋሽ ላቀው ናቸው። እንደገና ያነሣል፤ አሁንም ጋሽ ላቀው ናቸው። ዳኜ ከግቢያቸው ወጥቷል፤ ከዓይናቸው ግን አልወጣም። በመጨረሻ ካሜራውን ሻንጣ ውስጥ ከተተና ተወው። ወራት አለፉ።

ከዚያ ወባ ያዘውና ተኛ። የተኛባት አልጋ በሩ ፊት ለፊት ያለችው ናት። ያቺን አልጋ ያውቃታል። ሕፃን ሳለ እግሩን ታሞ ብዙ ጊዜ የማቀቀባት ናት። ያን ጊዜ እናቱ ካልሠሩ የሚበላ አልነበረም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ውሃ አጠገቡ አስቀምጠው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ጎረቤት ይመጣል፣ ይጠይቀዋል፣ ይወጣል። እኩዮቹ ይመጣሉ፣ ትንሽ ይጫወታሉ፣ ኳሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዳኜ ተኝቶ የሚያየው የሚሄድ ሰው ጀርባ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ፎቶ ሲማርም ትዝ ብሎት አያውቅም።

አንድ ጠዋት፣ ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ሳለ፣ እናቱ ሊወጡ ተነሡ።

«ሾርባው እዚያ አለ። ፀሐዩ ሳይበረታ እመለሳለሁ» አሉት።

«እሺ እማ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ በአንድ እጃቸው መቃኑን ያዙ። ወገባቸው ጎብጧል። ዘንቢል የሚሸከመው ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ብሏል። ከውጪ የሚመጣው ብርሃን ዳር ዳራቸውን ብቻ ነክቷቸዋል። ያን ሲያይ በሕፃንነቱ ይሰማው የነበረው ሁሉ ተመለሰበት፤ ባትመለስስ የሚለው ፍርሃት። ግን ልጅ ሆኖ ያላስተዋለውን ሌላ ነገርም አየ። እናቱ ከመውጣታቸው በፊት ቆመዋል። አልዞሩም። ቆም ብቻ አሉና ወጡ።

ሲመለሱ «እማ፣ ነገ ስትወጪ ፎቶ ላንሣሽ?» አላቸው።

«እኔን? ልብሴን ልቀይራ።»

«አይ፣ እንዲሁ እንደሆንሽ።»

በማግሥቱ ከአልጋው ሳይነሣ፣ እንደተኛ አነሣቸው። ወይዘሮ ብርቄ የካሜራውን ድምፅ ሰምተው ዞሩ።

«ገና ሳልዞር? ፊቴን ሳታነሣ ምን ፎቶ ነው እሱ?»

«እማ፣ በሩ ላይ ለምንድነው የምትቆሚው?»

ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ድሮ ታመህ ሳለ የለመደብኝ ነው» አሉ። «ትጠራኝ እንደሆነ ብዬ እቆማለሁ። ዞሬ ካየሁህ መሄድ አልችልም። ስለዚህ ሳልዞር አዳምጣለሁ። አንተ ግን አንድ ቀን ጠርተኸኝ አታውቅም።»

«ብጠራሽ ገበያው ይቀርብሻል ብዬ ነዋ» አለ ዳኜ።

እናቲቱ የልጃቸውን እግር ከብርድ ልብሱ ላይ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ተነሥተው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዳኜ ማንሣት ጀመረ። ከስኳር ፋብሪካው ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ ሰዎችን ከኋላቸው። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመለስ ሴትን፣ የልጇን ቦርሳ በር ላይ ስትለቀው። ለቅሶ ቤት ደርሰው የሚበተኑ ሽማግሌዎችን። ዝቅ ብሎ፣ ራቅ ብሎ፣ ሳይጠራቸው። ያነሣውን ሲያይ ጋሽ ላቀው የሉበትም። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቀም። የሚያውቀው፣ እዚያ ላይ የሚታየው እሱ የፈራውና እሱ የወደደው ነገር መሆኑን ነው።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ደወሉለት። «ጋሼ አሁን ጨርሶ አያዩም» አሉት። «ጥሩት አላሉኝም። ስምህን ግን ያነሣሉ። ና ልጄ።»

ቂሙ ቀድሞ ወጥቶለት ነበር። የቀረው ፍርሃት ነው። ሄደ። ጋሽ ላቀው በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጁን ያዙና አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ታነሣለህ?» አሉት።

«አነሣለሁ ጋሼ።»

«አንዱን ንገረኝ።»

ለማያይ ሰው ፎቶ እንዴት ይነገራል? ዳኜ ግራ ገባው።

«እናቴ ናት» አለ። «ከቤት ስትወጣ።»

«ፊቷ እንዴት ነው?»

«ፊቷ አይታይም። ጀርባዋ ነው።»

«ብርሃኑስ?»

«ከፊቷ ነው፣ ከውጪ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ እሷም አብዛኛዋ ጨለማ ናት። የሚታየው የትከሻዋ ጠርዝና መቃኑን የያዘው እጇ ነው።»

«አንተ የት ነህ?»

«አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ካሜራው ከወለሉ ብዙ አይርቅም።»

ጋሽ ላቀው አሰብ አደረጉ። «እኔ ብሆን እዚያ አልሆንም ነበር» አሉ።

ዳኜ እጁን ሊስብ ሞከረ።

«እኔ ብሆን ከአልጋው እነሣ ነበር። ስሟን ጠርቼ አዞራት ነበር። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ጠጋ ብዬ ፊቷን አነሣ ነበር። ጥሩ ፎቶም ይወጣልኝ ነበር። ይህን የምትለውን ግን ሳላየው እሞት ነበር።» እጁን አልለቀቁትም። ከማያዩት ዓይኖቻቸው እንባ ወረደ። «ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። «ተመስገን። ይሄ የእኔ አይደለም። በል ሌላ ንገረኝ።»

እትዬ አስካለ ምሳ አቅርበው ቢጠሯቸው የሚሰማ ጠፋ። ጋሽ ላቀው እስኪያርፉ ድረስ ዳኜ እየተመላለሰ ያነሣውን በቃሉ ይነግራቸው ነበር። ዛሬም ያነሣል። ሥራውን ሁሉም ሰው አይወድለትም፤ ፊት የሌለው ፎቶ ምን ያደርጋል የሚሉ ብዙ ናቸው። እሱ ግን ማንሣቱን አልተወም።

ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልመለስ።

መማር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ዳኜ ጋሽ ላቀው ጋ ባይማር ኖሮ፣ ያን ጠዋት ከበሩ የገባውን ብርሃን ምን እንደሚያደርገው ባላወቀም ነበር። የሚያሳየን ሰው ያስፈልገናል። ጥያቄው ሌላ ነው። የተበደርነውን ዓይን እስከ መቼ ነው የምናቆየው?

አንቺ ስትጸልዪ የማን ድምፅ ነው ከአፍሽ የሚወጣው? ሰው ያደነቀው የጸሎት አቀራረብ አለ፤ ያንን ይዘሽ ስትቆሚ፣ ለአምላክሽ ልትነግሪው የመጣሽው ነገር ሳይነገር ተመልሶ አብሮሽ ቤትሽ አይገባም? አንተስ ጎረቤትህ እንዳገባ ልታገባ፣ ወንድምህ እንደሠራ ልትሠራ፣ ሰው ባለቀሰበት ልታለቅስ ስትሮጥ፣ ያንተ የሚባለው የት ቀረ? እግዚአብሔር ለሁለት ሰው አንድ ዓይን አልሰጠም። ለእያንዳንዳችሁ ሲሰጥ አውቆ ነው የሰጠው።

የራሳችሁን የት ታገኙታላችሁ ብትሉኝ፣ እኔም አላውቅም። ግን ብዙ ጊዜ ልናነሣው የማንፈልገው ቦታ ነው። የታመማችሁበት። የተተዋችሁ የመሰላችሁበት። ያፈራችሁበት ቤት። ከዚያ ርቀን ሄደን፣ ትልቅ ሰው ፊት ቆመን ዓይን ስጡን እንላለን። ያቺ አልጋ ግን ለዳኜ ያሳየችውን ማንም መምህር ሊያሳየው አልቻለም። ብቻዬን ነበርኩ ብላችሁ በደመደማችሁበት በዚያ ዘመን፣ በሩ ላይ ቆሞ ድምፃችሁን ያዳምጥ የነበረ አልነበረም ወይ? ተመልሳችሁ ያላያችሁትን ነገር እንዴት ባዶ ነው ትላላችሁ?

አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ የመጨረሻው ቃል ለእናንተ ነው፤ ይህ ይከብዳልና። እኛን የሚመስል ልጅ ደስ ይለናል። እንደኛ ሲናገር፣ እንደኛ ሲያስብ «ልጄ ነው» እንላለን። ከእኛ ሌላ ነገር ሲያይ ደግሞ ጠፋብኝ እንላለን። ጋሽ ላቀው የሚወዱትን ልጅ ከአጠገባቸው ሲያርቁ ምን ያህል እንደከበዳቸው አስቡ፤ ያን ጊዜ የሚመራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር እኮ። ፍቅር እንዲህም ያደርጋል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከልጆቻችሁ አንዱን አስቀምጡና «ምን ይታይሃል?» በሉት። ከዚያ አትናገሩ። አታርሙት። ዝም ብላችሁ ስሙት። የሚነግራችሁ ነገር እናንተ አይታችሁት የማታውቁት ሆኖ ካገኛችሁት፣ አትደንግጡ። እጁን ያዙና ሌላም እንዲነግራችሁ ለምኑት።

ማየትን የሰጠን አምላክ፣ የሰጠንን አውቀን የምናይበትን ልብ ይስጠን።